ዓመት ሙሉ ያላባራው ዝናብ

የህንድ ፊልም ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ነገር ተመሳሳይ ነው። ከዛፍ ዛፍ እየተሯሯጡ የሚዘፍኑ ፍቅረኞች፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ አምስት ጊዜ የሚቀያየር ልብስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ብቻውን አሥራ አምስት ሰው የሚዘርር "አክተር"። ልጅ ሆነን መርካቶ ሲኒማ ራስ ወይም የሰፈር ቪዲዮ ቤት ገብተን ስንወጣ የምንከራከረው አክተሩ ወንበዴውን በስንት ቦክስ እንደጣለው እንጂ ፊልሙ በምን ቋንቋ እንደተሠራ አልነበረም። ቋንቋው "ህንድኛ" ነው፤ አለቀ።

በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለትምህርት ባንጋሎር የገባሁትም በዚሁ እምነቴ ነበር። አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ባልቴት ስድሳዎቹን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ "አማ" ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው "እናት" ማለት ነው፤ ከእኛ "እማ" ብዙም አይርቅም። ገና በሁለተኛው ቀን፣ ህንድኛ መማር እፈልጋለሁ ስላቸው ቡናቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ህንድኛ የሚባል ቋንቋ የለም። ሂንዲ ማለትህ ከሆነ ሰሜን ሂድ። እዚህ ካነዳ ነው" አሉኝ። (አንባቢ ከበረዶው አገር ጋር እንዳያምታታው፤ ያኛው ካናዳ ነው፣ ይሄኛው ካነዳ። ለእናቴ ስልክ ደውዬ "ካነዳ እየተማርኩ ነው" ስላት፣ ሳልነግራት ወደ ቶሮንቶ የተሻገርኩ መስሏት ደንግጣ ነበር።)

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አማ እኔንና እዚያው ግቢ የተከራየ አንድ የክፍል ጓደኛዬን ሲኒማ ወሰዱን። ፊልሙ "ሙንጋሩ ማሌ" ይባላል። ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ አይተውታል፤ ሰልፉ ግን ዛሬ የወጣ ፊልም ይመስል ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ተጠማዟል። ውጪ የሚጥለው ዝናብ፣ ውስጥ የሚጥለው ዝናብ። ከአዳራሹ የወጣሁት ግማሹ ሳይገባኝ ነው፤ ግን ዝም ብዬ ነው የወጣሁት። ለምን ዝም እንዳልኩ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ግን ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል፤ ያለሱ የፊልሙ ነገር አይገባም።

ካነዳ በደቡብ ምዕራብ ህንድ የምትገኘው የካርናታካ ክፍለ ግዛት ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ የክፍለ ግዛቷ ሕዝብ 61 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ በመላው ህንድ ካነዳን በአፍ መፍቻነት የሚናገረው ደግሞ ከ43 ሚሊዮን ይበልጣል። የራሱ ፊደል፣ ከሺህ ዓመት በላይ የሚቆጠር ሥነ ጽሑፍ አለው። ከሂንዲ ጋር ዘመድ አይደለም፤ ዘመዶቹ ታሚል፣ ቴሉጉና ማላያላም ናቸው። ችግሩ ዘመዶቹም ጎረቤቶቹም ጉልበተኞች መሆናቸው ነው። ታሚል ቼናይ ላይ፣ ቴሉጉ ሃይደራባድ ላይ፣ ሂንዲ ሙምባይ ላይ ግዙፍ የፊልም ገበያ አላቸው። ባንጋሎር መካከል ላይ ተቀምጣ የሁሉንም ፊልም ታያለች። ከተማዋ የኮምፒዩተር ሥራ ማዕከል ስትሆን ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራተኛ ቋንቋውን ይዞ ገባ፤ የካነዳ ተናጋሪው በገዛ ዋና ከተማው እንግዳ የመሆን ስሜት አደረበት። የከተማዋ መጠሪያ እንኳ በካነዳ አጠራሩ "ቤንጋሉሩ" ተብሎ በይፋ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2014 ነው።

የካነዳ ፊልም መናገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1934 "ሳቲ ሱሎቻና" በሚባለው ሥራ ነው። የኢንዱስትሪው ምሰሶ ግን አንድ ሰው ነበር፤ ዶክተር ራጅኩማር። እ.ኤ.አ. በ1954 "ቤዳራ ካናፓ" በተባለው ፊልም ብቅ ብሎ ከ200 በላይ ፊልሞች ላይ ተጫውቷል። ለካነዳ ተናጋሪው ተዋናይ ብቻ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋው በትምህርት ቤት ቀዳሚ ስፍራ ይሰጠው ተብሎ በተነሳው እንቅስቃሴ ከፊት የቆመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቪራፓን የተባለው የጫካ ሽፍታ አፍኖ 108 ቀን ሲይዘው ባንጋሎር ሥራ ፈታ ተቀመጠች። ሽፍታው በዝሆን ጥርስና በሰንደል እንጨት ዝርፊያ የታወቀ ነው። የካነዳ ፊልም ኢንዱስትሪም ቅጽል ስሙ፣ አካባቢው የሰንደል አገር በመሆኑ፣ "ሳንዳልዉድ" ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ሕዝቡ እስከዛሬ ያስታውሰዋል።

ራጅኩማር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 2006 አረፈ። በቀብሩ ሰሞን ከተማዋ ታመሰች፤ ሰዎችም ሞቱ። አማ ስለዚያ ሳምንት ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። "አባት የሞተበት ቤት ሆንን" ነበር ያሉኝ።

"ሙንጋሩ ማሌ" የወጣው ከዚያ ስምንት ወር በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2006። ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። ዳይሬክተሩ ዮጋራጅ ባት ከዚያ በፊት የሠራቸው ሁለት ፊልሞች ገበያውን ያናወጡ አልነበሩም። ዋናው ተዋናይ ጋኔሽ በቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራም የሚታወቅ ልጅ ነው። ተዋናይቷ ፑጃ ጋንዲ ከሰሜን ህንድ የመጣች፣ ለካነዳ ቋንቋ እንግዳ ነበረች። በጊዜው የተዘገበው ወጪ 70 ላክ ሩፒ አካባቢ ነው፤ ሰባት ሚሊዮን ሩፒ ማለት ነው፤ ለህንድ ፊልም የኪስ ገንዘብ። በመካከላቸው ትልቅ ስም የነበረው አናንት ናግ ብቻ ነው፤ የካርናታካ ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት የሚያውቀው አንጋፋ ተዋናይ።

እንግዲህ ታሪኩ። ፕሪታም የባንጋሎር ሀብታም ቤት ልጅ ነው፤ ሥራ የለውም፣ አፉ አያርፍም። አንድ ቀን በዝናብ አንዲት ልጅ አይቶ ሲያፈጥ ክዳኑ በተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። (የባንጋሎርን የክረምት መንገድ የሚያውቅ ሰው ይሄ ፈጠራ እንዳልሆነ ይመሰክራል። አዲስ አበባንም የሚያውቅ እንዲሁ።) የምታወጣው ራሷ ናት። በዚያው የልብ ቅርጽ ያለው የእጅ ሰዓቷ ከእሱ ዘንድ ይቀራል። ከዚያ እናቱ የጓደኛዋ ልጅ ስለምታገባ ብላ ማዲኬሪ ወደምትባል ተራራማ ከተማ ይዛው ትሄዳለች። የሚያርፉበት ቤት የጡረታ ኮሎኔል ሱባያ ቤት ነው፤ ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። ሙሽራዋ ናንዲኒ ትባላለች። ያቺው የጉድጓዷ ልጅ ናት። ሠርጉ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሙሽራው ጎታም የሚባል ሌላ ሰው ነው።

ይህ መነሻ ለህንድ ተመልካች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሻሩክ ካን "ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ" ቁልጭ ብሎ እንዲህ ነው፤ አፍቃሪው ሠርግ ቤት ገብቶ ዘመድ አዝማድ ያጫውታል፣ ያሳስቃል፣ በመጨረሻ ኮስታራው አባት የልጃቸውን እጅ ይለቁለታል። ያ ፊልም ሙምባይ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ታይቷል። ስለዚህ "ሙንጋሩ ማሌ" ሲጀምር አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻውን ያውቀዋል። ያውቀዋል ብሎ ያስባል ማለት ይሻላል።

ፕሪታምም ያንኑ መንገድ ይይዛል። ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ሰዓት ዳግም ሲፈልግ ጥንቸል ያገኛል፤ ስሙን "ዴቫዳስ" ብሎ አብሮት ይዞት ይዞራል። ስሙ ለእኛ ማብራሪያ ይፈልጋል። "ዴቭዳስ" የቤንጋሉ ደራሲ ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ልቦለድ ነው፤ ያፈቀራትን ሳያገባ ቀርቶ በመጠጥ ራሱን ስለጨረሰ ሰው የሚተርክ። በተለያዩ የህንድ ቋንቋዎች ደጋግሞ ፊልም ሆኗል፤ የ2002ቱን የሻሩክ ካንን እኛም አገር ያየው ብዙ ነው። ህንድ ውስጥ "ዴቭዳስ ሆነ" ከተባለ ሰውየው በፍቅር ተጎድቶ ጠጪ ሆኗል ማለት ነው። እንግዲህ ጥንቸሉ ገና ከመነሻው ያንን ስም ይዞ መሮጡ ለአገሬው ተመልካች ሹክታ ነበር። እኔ ግን ጥንቸሉ ለማሳቂያ የገባ መስሎኝ ስስቅ ነበር።

የናንዲኒ ጓደኞች የሚመጡበት ባቡር አምስት ሰዓት ዘግየ። ሁለቱ ጊዜ ለመግፋት ተራራ ላይ ወዳለ ቤተ መቅደስ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ዝናብ ይይዛቸውና የሽማግሌ ባልና ሚስት ጎጆ ይጠለላሉ። ፕሪታም የዘንባባ ጠጅ ጠርሙስ ይዞ ዝናቡ ውስጥ ይወጣል። ልጅቷ ጃንጥላ ይዛለት ስትመጣ፣ አጠገቤ አትምጪ ይላታል። እስከዚያ ድረስ የሚቀልድ፣ የሚዋሽ፣ የሚለፈልፍ ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሩን የሚናገርበት ቦታ ይሄ ነው። ጋኔሽ ትልቅ ተዋናይ መሆኑን ሰው ያወቀው እዚያ ዝናብ ውስጥ ይመስለኛል።

ከዚያ ናንዲኒ ራሷ ወደ ፏፏቴ አፋፍ ወስዳ እንደምትወደው ትነግረዋለች። ቦታው የሻራቫቲ ወንዝ ከ250 ሜትር በላይ የሚወረወርበት የጆግ ፏፏቴ ነው። የካሜራ ባለሙያው ኤስ. ክሪሽና እዚያ የቀረጸውን ያየ ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል።

ቀጥሎ ያለው ነገር እንደ ልማዱ ቢሆን አባትን ማግባባት ነበር። ፕሪታምም ለዚያው ብሎ ኮሎኔሉን የማለዳ ሩጫ ይዟቸው ይወጣል። ሽማግሌው ግን ቀድመው ይናገራሉ። የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ በማንኛውም ሰዓት ሊሞቱ ይችላሉ፤ የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ልጃቸውን ለጎታም ድረው ማየት። ፕሪታም ያሰበውን ሳይናገር ይመለሳል። በሠርጉ ዋዜማ ሌሊት መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፤ መንገድ ዳር ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ይጠጣል። የኮሎኔሉን ቤት አቅጣጫ የሚጠይቅ መንገደኛ እዚያው ይመጣል፤ ሙሽራው ጎታም ነው። ልጅቷን በጉልበት የሚፈልግ ጃኑ የሚባል ጉልቤ ጎታምን ሊገድለው ሲል የሚያድነው ፕሪታም ነው፤ በነጋታውም ሠርጉ ቤት ደጃፍ አድርሶት፣ እሱ አይገባም። ጥንቸሉ ሞቶ ይገኛል። ፊልሙ ያበቃል።

የጃኑ ድብድብ ባይኖር ፊልሙ ይሻለው እንደነበር ደፍሬ እናገራለሁ። የገባው ለልማድ ነው። አማን ስጠይቃቸው ግን "ድብድብ የሌለው ፊልም ወንዶች በነፃም አያዩትም" አሉኝና አስቆሙኝ።

ስወጣ ዝም ያልኩበትን ነገር ልናገር ቃል ገብቼ ነበር። ባንጋሎር ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ አንዲት የምወዳት ልጅ ነበረች። ገና እግሬ ከመርገጡ፣ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ ኢሜይሌን ስከፍት፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ እንደተላከ ነገረችኝ። "ምን ላድርግ?" የሚል ጥያቄ መጨረሻው ላይ ነበር። እኔ ተማሪ፣ ኪሴ ባዶ፣ የምመለስበት ቀን ሁለት ዓመት የሚርቅ። ሰውየው ደህና ሥራ ያለው ነው። የእንኳን ደስ አለሽ መልስ ጻፍኩላት፤ ከካፌው ስወጣም ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ፊልሙን ያየሁት ከዚያ አሥር ቀን በኋላ ነው። ፕሪታም መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ፣ ቋንቋው ሳይገባኝ፣ የሚሰማው ነገር ገብቶኛል። እንዲያውም በልቤ አጨበጨብኩለት።

ማታ ቤት ገብተን አማ ቡና ሲያፈሉ፣ "ልጁ እንዴት ያለ ጨዋ ነው" አልኳቸው።

"ጨዋስ ጨዋ ነው" አሉኝ። "ግን ልጅቷ ፏፏቴው ጋ የነገረችውን መልስ ሰጣት?"

"አባቷ ታመዋል እኮ፣ አማ።"

"አባትየው የጠየቀውን ለአባትየው መለሰ። ልጅቷ የጠየቀችውንስ? ማንም የመለሰላት የለም። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ አራተኛዬ ነው፤ ሁልጊዜ የማለቅሰው ለእሱ አይደለም።"

ጓደኛዬ ትርጉሙን ነግሮኝ ሲጨርስ ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ስለ ኢሜይሉ ለማናቸውም አልነገርኳቸውም።

በኋላ ላይ ስመረምረው የፊልሙ ዋና ጥያቄ ይሄው እንደሆነ ገባኝ። ዮጋራጅ ባት ለፕሪታም ያዝናል፤ ካሜራውም ዘፈኑም ከፕሪታም ጋር ነው። ተመልካቹ በተለይም ወጣቱ ወንድ ራሱን ያየው እሱ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ አክተር ማለት ያሸነፈ ነበር፤ ይሄኛው ግን ተሸንፎ፣ ማንንም ሳይጎዳ፣ ቀልዱን ሳይተው ይሄዳል። ይህ ለብዙ ሰው እፎይታ ነበር፤ ምክንያቱም በእውነተኛው ሕይወት ያፈቀራትን ያላገባው፣ ካገባው ሳይበዛ አይቀርም። በቤተሰብ ምርጫ ጋብቻ የሚፈጸምበት አገር ውስጥ ደግሞ አባትን አለመጉዳት ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን ናንዲኒ ለአንድ ሳምንት ያህል ሁለት ሰው መካከል ቆማ ከቆየች በኋላ ዕጣዋ የተቆረጠው በሁለት ወንዶች የማለዳ ሩጫ ላይ ነው፤ እሷ አልነበረችም። ፊልሙ ይህንን አይቶታል ወይስ ሳያየው አልፎታል? አማ ሳያየው አልፎታል ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ያ የሞተ ጥንቸል ዝም ብሎ የገባ አይመስለኝም።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። "ሙንጋሩ" በካነዳ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው የደቡብ ምዕራቡ ዝናብ ነው፤ "ማሌ" ዝናብ ማለት ነው። ገበሬው የሚዘራበት፣ ደረቅ አገር አረንጓዴ የሚለብስበት ወቅት። የእኛን ክረምት ያሰበ አልተሳሳተም፤ ወሩም ያው ነው። የአየር ጠባይ ተመራማሪዎችም የህንድ ሞንሱንና የኢትዮጵያ ክረምት የተሳሰሩ መሆናቸውን ያስረዳሉ፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ በኤልኒኞ ሲሞቅ ሁለቱም አገር ዝናብ የማጠር አዝማሚያ አለው። ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ጌጥ አይደለም። ሰዎቹን ጉድጓድ ይጥላቸዋል፣ ጎጆ ያስገባቸዋል፣ እውነት ያናግራቸዋል። በህንድ ፊልም ዝናብ ለዘመናት የሴት ልብስ ማርጠቢያ ሆኖ ሲያገለግል ለኖረ ሰው ይሄ ለውጥ ነው።

ማዲኬሪ ደግሞ የኮዳጉ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። የኮዳጉ ሰዎች በወታደርነት የታወቁ ናቸው፤ የነፃይቱ ህንድ የመጀመሪያው ህንዳዊ የጦር አዛዥ ካሪያፓ የዚያ አገር ሰው ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤታማዦር የነበረው ጄኔራል ቲማያም እንዲሁ። ስለዚህ ኮሎኔል ሱባያ ከደራሲው ጭንቅላት ብቻ የወጡ አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ጡረተኛ መኮንን በየኮረብታው አለ። ኮረብታው ሁሉ ደግሞ ቡና ነው። ካርናታካ ከህንድ ቡና ሁለት ሦስተኛውን ያህል ታመርታለች፤ ከውስጧም ኮዳጉ ቀዳሚ ናት። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በዛፎቹ ግንድ ላይ ቁንዶ በርበሬ ይሳባል። በትምህርት ዕረፍት ወደዚያ ሄጄ ቆሜ ሳይ ጅማ ወይም ከፋ የወረድኩ መሰለኝ። ዘሩም ከእኛው ነው፤ በአገሬው አፈ ታሪክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የሚባል የሙስሊም መነኩሴ ከሐጅ ሲመለስ ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ አምጥቶ ቺክማጋሉር ተራራ ላይ ተከለ ይባላል። የመን ደግሞ ከየት እንዳገኘችው እናውቃለን።

ዘፈኖቹን ሳላነሳ ባልፍ አማ ይታዘቡኛል። ዜማውን የሠራው ማኖ ሙርቲ የሚኖረው አሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው፤ በኮምፒዩተር ሥራም የተሰማራ ሰው። የአብዛኛውን ሰው ልብ የወሰደውን "አኒሱቲዴ" የተባለውን ዘፈን ግጥም የጻፈው ጃያንት ካይኪኒ ይባላል። የፊልም ግጥም ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት የታወቀ የአጭር ልቦለድ ደራሲ ነው፤ ስለ ሙምባይ ተራ ሰዎች የጻፋቸው ታሪኮች በእንግሊዝኛ ተተርጉመው የደቡብ እስያ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሆነውን የእ.ኤ.አ. 2018 ዲ.ኤስ.ሲ. አግኝተዋል። አንድ ከባድ ደራሲ ለሰፈር ሲኒማ ግጥም ጻፈ ማለት ነው። ውጤቱ በየባጃጁ ይሰማ ነበር። ቃላቱ የተለመደውን የ"ልቤ ተቃጠለ" ቋንቋ ትተው፣ ሰው ለራሱ ሹክ የሚለውን ዓይነት ነገር ይናገራሉ።

የዘፈነው ሶኑ ኒጋም ደግሞ የሂንዲ ዘፋኝ ነው። በዚህ ፊልም ምክንያት ካርናታካ እንደ ልጇ ተቀበለችው፤ በኋላም ብዙ የካነዳ ዘፈን ዘፍኗል። ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ታየ። ቤንጋሉሩ በተደረገ ኮንሰርት ላይ በካነዳ ዝፈን ብሎ ለጮኸ ተመልካች የሰጠው መልስ ቁጣ አስነሳ፤ ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ደረሰ፤ ዘፋኙም ይቅርታ ጠየቀ። የአባታቸውን ፊልም ቤት ገና የሚጠብቁ ልጆች ናቸው።

ፊልሙ ምን አመጣ? በባንጋሎር ኮራማንጋላ ሰፈር በሚገኘው የፒ.ቪ.አር. ሲኒማ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወርድ ታየ። ልብ በሉ፤ እንደዚያ ያሉ የገበያ አዳራሽ ሲኒማዎች ቲኬታቸው ውድ ነው፤ ደንበኛቸው ሂንዲና እንግሊዝኛ የሚያየው ነበር፤ ለካነዳ ፊልም ቦታ መስጠት አይወዱም። ሙንጋሩ ማሌ በሩን ከፈተው። በኮምፒዩተር ኩባንያ የሚሠራው የካነዳ ልጅ በቋንቋው ፊልም ማየት ከማፈር ወጣ። ጋኔሽ "ጎልደን ስታር" ተባለ፤ ፑጃ ጋንዲ ካነዳ ተምራ "የዝናቧ ልጅ" ተብላ ቀረች። ቴሉጉዎች እ.ኤ.አ. በ2008 "ቫና" ብለው፣ ቤንጋሎችም በዚያው ዓመት "ፕሬሜር ካሂኒ" ብለው ደገሙት። አስመሳዮቹ ግን በዙ፤ ለሁለት ሦስት ዓመት የካነዳ ፊልም ሁሉ ማዲኬሪ ሄዶ ዝናብ የሚመታ ሆነ። በ2016 ክፍል ሁለት ተብሎ በሌላ ዳይሬክተር የተሠራውን አይቼዋለሁ፤ ዝም ብል ይሻላል።

አንድ ነገር ላክል፤ ለእኛም አገር የሚሆን ስለመሰለኝ። የካነዳ ፊልም ሠሪዎች ለአሥርት ዓመታት የውጭ ቋንቋ ፊልም በካነዳ ተተርጉሞ እንዳይታይ አጥብቀው ተከላክለዋል፤ ትርጉም ከገባ እኛ አለቅን ብለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የህንድ የገበያ ውድድር ኮሚሽን ክልከላው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቀጣቸው። ትርጉም ገባ። አላለቁም። "ኬ.ጂ.ኤፍ." በ2018፣ "ካንታራ" በ2022 ከካነዳ ወጥተው፣ በተራቸው ተተርጉመው መላ ህንድን አጥለቀለቁ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ይዞ ሲመጣ የእኛ ባለሙያዎች ያነሱትን ስጋት ያስታወሰ ሰው ይህንን ያገናዝብ። ስጋቱ ሐሰት ነበር አልልም፤ የካነዳዎቹ መከላከያ ከአጥር ይልቅ እንደ ሙንጋሩ ማሌ ያለ የራስን ዝናብና የራስን መንገድ ያሳየ ሥራ ነበር ባይ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ፊልሙን ከኢንተርኔት አግኝቼ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተደርጎለት፣ ለብቻዬ አየሁት። ፏፏቴው ጋ የምትናገረውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል አነበብኩ። ያኔ ጓደኛዬ አዳራሹ ውስጥ በጆሮዬ የነገረኝ "ትወደዋለች" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የተናገረችው ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል። ደግሜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። አማ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅቷ፣ የአዲስ አበባዋ፣ ሁለት ልጆች አሏት፤ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን።